ግማሽ ቆርኪ፦ የቢዝነስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን መስከረም ላይ በ23 ልጆች ተጀመረ። ሰኔ ላይ 14 ደርሰናል። የመጀመሪያው እቅድ ሳሙና ሠርቶ መሸጥ ነበር። ሳሙናው አልረጋም። ስለሱ ይኼው ይበቃል።

ኅዳር ላይ ሁለት ልጆች እየተጨቃጨቁ ገቡ። የአንደኛው ቤተሰብ ሸዋ በር አካባቢ ጌም ቤት አላቸው። "ኤክስቦክስ ማንም የማይገዛው ዕቃ ነው" ይላል፤ የማይክሮሶፍትን የጌም ማሽን ማለቱ ነው። ሌላኛው አሜሪካ ያለ የአክስቱን ልጅ ምስክር ጠራ፤ እዚያ ጓደኞቹ ሁሉ በኤክስቦክስ ነው አሉ የሚጫወቱት። "ቲቸር፣ ይፍረዱን!" አሉኝ። እኔ ጌም የሚባል ነገር አልችልም። "የት አገር?" ብዬ ብቻ ጠየቅኳቸው። ዓመቱን የበላችው ይቺ ጥያቄ ናት።

ካርቶን ላይ የዓለም ካርታ ሣልን። ከሻይ ቤት ቆርኪ ለመንን። አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሚሊዮን ማሽን። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ በጠቅላላው 24 ሚሊዮን ገደማ ተሽጧል። ሰሜን አሜሪካ ላይ 16 ቆርኪ ተቆለለ፣ አውሮፓ ላይ 6። ጃፓን ስንደርስ ተቸገርን። እዚያ የተሸጠው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቆርኪውን በድንጋይ ጠፍጥፋ በቆርቆሮ መቀስ ለሁለት ከፈለችው። ጣቷንም ጫር አደረጋት።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃፓን ሲገባ ለጠባብ ቤት ግዙፍ ነበር። ጆይስቲኩን አሳንሰውላቸዋል፤ ጃፓኖች የሚወዱት ረጃጅም ታሪክ ያለው ጌም ግን እንደልብ አልነበረውም። የራሳቸው ጌም ማሽን ሠሪዎች ሶኒና ኔንቲዶም አሉላቸው።

ነገሩ የገባቸው ባቲን ስጠራ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሰው የሚሻማበትን ግመል ይዘህ ደሴ ብትወጣ ማን ይገዛሃል? ግመሉ ምን አጠፋ? "ቲቸር፣ ፎቶ ይነሱበታል" አለኝ አንዱ።

ያቺው ቆርኪ ቆራጭ ደግሞ ሴጋ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን የድሮ ጌም ማሽን፣ ማስተር ሲስተምን፣ አጥንታ መጣች። ማሽኑ ጃፓንም አሜሪካም በኔንቲዶ ተረትቷል። ብራዚል ላይ ግን ቴክቶይ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እዚያው እየገጣጠመ ሸጠው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጡ ከባድ ነበርና አገር ውስጥ መገጣጠሙ አዋጣ። አንዳንድ ጌም ወደ ፖርቱጋልኛ ተመለሰ። በአንዱ ውስጥ እንዲያውም ዋናው ገጸ ባሕርይ ወጥቶ ሞኒካ ገባች፤ የብራዚል ልጅ ሁሉ ከኮሚክ የሚያውቃት ልጅ ናት። ማሽኑ በተወለደበት አገር ከተረሳ በኋላም ብራዚል ውስጥ ይሸጥ ነበር። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይኼንን ነው።

ኢትዮጵያ ላይ ስንት ቆርኪ እናድርግ? እዚህ ላይ ሁለት ሐሙስ ተከራከርን። የጌም ቤቱ ልጅ አባቱን ጠይቆ መጣ። አሁንም ፕሌይስቴሽን 2 የሚያሠሩት ሲበላሽ ጠጋኝ ስለማይጠፋ፣ ሲዲውም ርካሽ ስለሆነ ነው። ማሽኑ ደግሞ ያገለገለ ነው የተገዛው። አንድ ማሽን ላይ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተሰልፎ ይጫወታል፤ ሠሪው ሶኒ ግን ይኼን ሁሉ ልጅ እንደ አንድ ገዢ እንኳ አይቆጥረውም። በመጨረሻ ቆርኪ አላስቀመጥንም። ልጁ በእስክሪብቶ ትንሽ ወረፋ ሣለበት።

ካርታው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተሰቅሏል። የጃፓን ግማሽ ቆርኪ በወላጆች ቀን ጠፍታለች። ያገኘ ሰው ለክበቡ ይመልስልን፤ ጠርዟ ስለታም ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዛት።