ከደሴ ለአብሮ አደጌ

ውድ ወንድሜና አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ማን የት እንዳለ ሳንጠያየቅ ቆየን፤ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ የአንተ ቁጥር ተቀይሮ ኖሮ ሰላምታዬ መድረሻ አጣ። ባለፈው ሰሞን እናትህን ሰኞ ገበያ አግኝቻቸው አዲሱን አድራሻህን ሰጡኝ፤ ‹‹የምትጫወቱት አጥታችሁ ነው ወይ የተጠፋፋችሁት?›› ብለውም ጠየቁኝ። የምንጫወተውስ ሞልቷል፤ ከሞላውም ውስጥ ዛሬ አንዱን ብቻ መርጬ እጽፍልሃለሁ።

አብረን የተማርን ልጆች በቴሌግራም የምንገናኝበት ቡድን አለን። በአንድ ምሽት ውስጥ ሳይንሱም፣ ቴክኖሎጂውም፣ ፖለቲካውም፣ ቀልዱም ይነሣል፤ አንዱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመምህርን ሥራ ይወስድ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሌላው የነዳጅ ዋጋ ያነሣል፣ ሦስተኛው ሁለቱን በአንድ ቀልድ ያስታርቃቸዋል። ይህን ጨዋታ ከልቤ እወደዋለሁ፤ የእኛ አገር ሰው ቁም ነገርን ያለ ቀልድ ማውራት አይሆንለትምና። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በአፋር የመሬት መንቀጥቀጡ በበረታ ጊዜ ያየሁት እስካሁን ያሳስበኛል።

እንደምታስታውሰው ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በዶፈን አጠገብ እንፋሎት ከመሬት ሲፈነዳ የሚያሳይ ምስል በየስልኩ ተሰራጨ፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በዚያ ሰሞን የቡድናችን ቀልደኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ‹‹ነገ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሬት ትንቀጠቀጣለችና ከቤት ውጡ፤ ጦሳ ወደ ፒያሳ ሊወርድ ተነሥቷል፣ ለእንግዳው ቡና አፍሉለት።›› ሁላችንም ሳቅን። ማን እንደጻፈው እናውቃለን፣ አነጋገሩንም እናውቃለን፣ ቡና የሚፈላለትን የደሴን ተራራ ጦሳንም ስናየው ነው ያደግነው። በማግሥቱ ግን ያው መልእክት ጅራቱ ተቆርጦ፣ ‹‹ምሁራን እንዳስጠነቀቁት›› የሚል ራስ ተቀጥሎለት በሌላ በኩል ተመለሰ። ጦሳም የለ፣ ቡናም የለ፤ የቀረው ሰዓቱና ‹‹ከቤት ውጡ›› የሚለው ብቻ ነበር። በዚያች ሌሊት አክስቴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በደሴ ብርድ ደጅ አደሩ። ደውዬ ብለምናቸውም ‹‹ሳይንስ ያለውን አንተ ልታፈርስ ነው ወይ?›› ብለው ሊሰሙኝ አልፈቀዱም።

ሐሰተኛ ወሬ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው ሆን ብሎ የፈበረከውን እናስባለን። ይህኛው ግን ከወዳጅ አፍ በሳቅ የወጣ ነበር። ፊት ለፊት ሲሆን ቀልድ ከተናጋሪው ገጽታ ሳይለይ ይሰማል፤ በስልክ ግን ቃሉ ብቻውን ይጓዛል፣ ፈገግታው ከላኪው ዘንድ ይቀራል፣ ባለቤቱን ያጣ ቀልድም በሦስተኛው ሰው እጅ ዜና ይሆናል። ቀልድ ይከልከል አልልም፤ ቀልዱ ቢጠፋ ቡድኑ በሳምንት ይበተናል፣ ሳይንሱንም የሚያነብልን አናገኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቀልደኛው ቀንና ሰዓት፣ ‹‹ውጡ›› እና ‹‹ሽሹ›› የሚል ትእዛዝ በቀልዱ ውስጥ አያስገባ፤ ተቆርጦ ለብቻው የሚሄደው ያ ነውና።

የአክስቴ ጥያቄ ግን መልስ ይገባዋል፤ ሳይንስ በእውነት ምን ይላል? በአፋር ምድር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የሚባሉ ሦስት ግዙፍ የመሬት ንጣፎች እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ ፍጥነቱ በዓመት በሚሊሜትር የሚለካ ቢሆንም ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቁ ሲገባ መሬቱን ይተረትረዋል፣ መንቀጥቀጡም ይከታተላል። የፈንታሌው ምክንያት ይህ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያው በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የታየውማ ከዚህም ይበልጣል፤ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ። ባለሙያዎች የትኛው አካባቢ እንደሚያሰጋ ያውቃሉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ አስቀድሞ የሚናገር ዘዴ ግን በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ሰዓት የተቆረጠለት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፣ የማንም ስም ቢለጠፍበት፣ ሰዓቱ ራሱ ሐሰተኛነቱን ይመሰክርበታል።

አንድ ወዳጃችን ‹‹ስልክ ያስጠነቅቃል ይባል የለ፤ ታዲያ እንዴት አይታወቅም?›› ብሎ ጠየቀ። በዚያ ሰሞን ከተጠየቁት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። መንቀጥቀጥ ከተነሣበት ቦታ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይወጣል፤ ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ይበልጥ የሚጎዳው ግን በ3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከኋላ ይከተላል። በብዙ አገሮች የአንድሮይድ ስልኮች የፊተኛውን ንዝረት ሲያውቁ መልእክቱ ከኋለኛው ሞገድ ቀድሞ ራቅ ላለው ሰው ይደርሳል። የሚገኘው ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ነው፤ መሬቱም አስቀድሞ ተንቀጥቅጧል።

ፖለቲካው የገባው በግድቡ በኩል ነው። አንዱ መንቀጥቀጡን ያመጣው የአባይ ግድብ የያዘው ውሃ ክብደት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው ‹‹ባንዳ›› ብሎ ሰደበው፣ ሁለት ሰዎች ከቡድኑ ወጡ፣ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ። እጅግ አዘንሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የጠላት አልነበረም። በሕንድ አገር በኮይና ግድብ አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የደረሰውን ከባድ መንቀጥቀጥ ብዙ ባለሙያዎች ከሐይቁ ውሃ ጋር ያያይዙታል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ የሚነሣው በሐይቁ ዙሪያ ነው፤ ጉባ ላይ ካለው ግድብ እስከ ፈንታሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የፈንታሌውም ምክንያት ቅልጥ አለት መሆኑ ታውቋል። ይህን ለመናገር ሁለት መስመር ይበቃ ነበር፣ ማንም ባልወጣም ነበር።

ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ ስለ ራሳችን ምድር ያነሣ አለመኖሩ ነው። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተህ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርድ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳለህ፤ ያ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፣ እኛም የምንኖረው በአፋፉ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከደሴ በስተደቡብ ባለችው በካራ ቆሬ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ የተባለችው ከተማ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች፣ ከካራ ቆሬ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ እኛ፣ የሚመጣው አውራ ጎዳና 17 ኪሎ ሜትር ያህል በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ (የመሬት ንዝረትን የሚመዘግብ ተቋም) መሥራች የነበሩት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ይህን በዝርዝር መዝግበውታል። ስለ ነገ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከመሟገት ይልቅ ስለ ቤታችን አሠራር ብንነጋገር ኖሮ ያ ሁሉ መልእክት ለአንድ ቤተሰብ እንኳ ይጠቅም ነበር።

አንተን የምፈልግህ ለዚህ ነው፤ መሐንዲስ ነህና። በየመንገዱ ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ አልባ ሆኖ፣ ፎቁ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የሚቆም ሕንፃ ይበዛል፤ ዳገት ላይ የሚሠራውም ብዙ ነው። ምሰሶውና ብረቱ እንዴት መሆን እንዳለበት፣ የቆየ የጭቃ ቤት በጥቂት ወጪ በምን እንደሚጠነክር፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት በቀላል አማርኛ ጻፍልን። ቀልድም ጨምርበት፤ ያ ልጅ በአንተ ጽሑፍ ላይ መቀለዱ አይቀርምና ቀድመኸው ብትቀልድ መልካም ነው። ለአክስቴ ደግሞ በድምፅህ ቀድተህ ላክልኝ፤ የእኔን ባይሰሙም የአንተን ይሰማሉ።

አክባሪ ወንድምህ
ከደሴ