«በርቺ፣ ተንቀሳቀሺ» ለሁሉም ድካም አይሆንም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ዓምዳችሁን ከማይቀሩት አንባቢዎች አንዷ ነኝ። ሰሞኑን ሁልጊዜ ድካም ለሚሰማቸው ሰዎች ባወጣችሁት ምክር ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ድካም የያዘው ሰው ራሱን እየገፋ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ቢራመድ ጉልበቱ ይመለሳል ይላል። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ልክ ነው። ጭንቀት ላለበትም ብዙ ጊዜ ይረዳል። ነገር ግን ይሄ ምክር የሚያባብሰው በሽታ አለ። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ሐኪሞች «ኤምኢ» ወይም «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» ይሉታል። ብዙዎቻችንን የጀመረን ከአንድ ኢንፌክሽን በኋላ ነው። ጉንፋን የመሰለ ነገር ይይዘንና ሌላው ድኖ ሥራ ሲገባ እኛ እዚያው እንቀራለን። ከኮቪድ በኋላም ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ ገብቷል። የበሽታው ዋና መለያ ድካሙ ብቻ አይደለም። ትንሽ ነገር ከሠሩ በኋላ የሚመጣው መውደቅ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ወዲያው አይመጣም። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይመጣል። ሰው የማያምነንም ለዚህ ነው። እሁድ ክርስትና ቤት ተቀምጬ ስጫወት ያየኝ ሰው ማክሰኞ አያየኝም። ማክሰኞ መጋረጃው ተዘግቷል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ያመኛል፣ ጸጉሬን ለመታጠብ እጄን ወደ ላይ ማንሳት አልችልም።

የታመምኩት እንግሊዝ አገር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስሠራ ነው። ያኔ የሚሠራበት ናይስ የተባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2007 ያወጣው መመሪያ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሕመሙ ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ሰው ሁለት ነገር ይመክራል። አንዱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ሌላው ሲቢቲ የሚባል የንግግር ሕክምና ነው። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ሰውነቱ በመተኛት ብዛት ዝሏል፣ ታማሚውም እንቅስቃሴ ፈርቷል የሚል ነው።

ክሊኒኩ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በሳምንት በሳምንት የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ነው፤ የእግር ጉዞው ደቂቃ በየሳምንቱ ይጨምራል። ከሥሩ ደግሞ ሕመሙ ቢብስብሽም እንዳትቀንሺ የሚል ተጽፏል። አልቀነስኩም። ሥራ ለምጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ታዝዤ እምቢ አልልም። ሰንጠረዡ ግማሽ ሳይደርስ ቤቴ ውስጥ ያለውን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ይህን ስናገር «እንቅስቃሴውን ስለፈራሽ ነው» ተባልኩ። ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መድኃኒት አልስማማ ሲል ሐኪም መድኃኒቱን ይለውጣል። እዚህ ግን ሕክምናው አልስማማ ሲለኝ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። በ2011 ፔስ የተባለ ትልቅ ጥናት ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። 641 ሕሙማን ተሳትፈውበታል፤ ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የሕዝብ ገንዘብም ወጥቶበታል። ሁለቱ ሕክምናዎች ይሠራሉ አለ። በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሕክምናዎቹን ካገኙት ውስጥ 22 ከመቶው አገግመዋል ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ «አልተሻለኝም» የሚል ሰው ማን ይሰማው?

መለኪያውን ቁጭ ብለው የመረመሩት ሕሙማኑ ራሳቸው ናቸው። ጥናቱ የአካል አቅምን ከ0 እስከ 100 በሚሰጥ መጠይቅ ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አቅሙ የተሻለ ነው። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት 65 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት ያስፈልጋል። አገገመ ለመባል በመጀመሪያው ዕቅድ ቢያንስ 85 ይጠየቅ ነበር። በኋላ ወደ 60 አወረዱት። ልብ በሉልኝ፦ 65 ይዞ «ታማሚ ነው» ተብሎ የገባ ሰው፣ ታክሞ ታክሞ ወደ 60 ቢወርድ፣ በዚህ መለኪያ ብቻ ከታየ አገግሟል። እርግጥ ሌሎች መስፈርቶችም ነበሩ። ቢሆንም በሽተኛ የሚያስብልን ቁጥር ጤነኛ ከሚያስብለው በላይ መሆኑን እስከዛሬ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

አንድ አውስትራሊያዊ ታማሚ የጥናቱ ጥሬ መረጃ ይሰጠን ብሎ ጠየቀ። ጥናቱን የመራው የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ አልሰጥም አለ። ጉዳዩ የመረጃ ነፃነት ችሎት ፊት ቀረበ፤ በኦገስት 2016 መረጃው ይሰጥ ተባለ። በመጀመሪያው መስፈርት ተመልሶ ሲሰላ 22 ከመቶ የተባለው ለንግግር ሕክምናው ወደ 7፣ ለእንቅስቃሴው ወደ 4 ከመቶ ወረደ። ሁለቱንም ያላገኙት፣ መደበኛውን የሐኪም ክትትል ብቻ የነበራቸው፣ 3 ከመቶ ናቸው። ተመራማሪዎቹ አሁንም ውጤታችን ልክ ነው ይላሉ። እኔ የስታቲስቲክስ ሰው አይደለሁም፤ ሰንጠረዡን ግን በገላዬ አውቀዋለሁ።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2017 ሁለቱን ምክሮች ከገጹ አነሳ። ናይስም መመሪያውን እንደገና አዘጋጀና ኦገስት 18 ቀን 2021 ሊያወጣው ቀን ቆረጠ። አንድ ቀን ሲቀረው አቆመው። አንዳንድ የሐኪሞች ማኅበራት አልተስማሙም ነበር። ያን ሰሞን የተሰማን ነገር በቃል አይገለጽም፤ ስንት ዓመት የጠበቅነው ወረቀት እጃችን ላይ ሊደርስ ሲል ተነጠቅን። ደግነቱ ኦክቶበር 29 ወጣ። ደቂቃ እየጨመረ የሚሄደው የእንቅስቃሴ ሕክምና ለዚህ ሕመም አይሰጥ ይላል። ሲቢቲም ፈውስ አይደለም፣ ከሕመሙ ጋር ለመኖር እንዲያግዝ፣ ለሚፈልገው ሰው ብቻ ይሰጥ ይላል። በዚህኛው እስማማለሁ። ሥራውን፣ ቤቱን፣ ዕቅዱን ላጣ ሰው የሚያዋራው ባለሙያ መልካም ነው።

በዚያው ወር ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ወጣት በዚህ ሕመም ምክንያት በምግብ እጥረት ሞተች። አሟሟቷን የመረመሩት ዳኛ በ2024 የጻፉት፣ በመላው እንግሊዝ ሕመሙ ለጠናበት ሰው የሚሆን አንድም የሕክምና ቦታ አለመኖሩን ነው። ክርክሩ ግን አሁንም የእግር ጉዞው ላይ ነው። በ2023 መመሪያው ተሳስቷል የሚሉ ሐኪሞች ጽሑፍ አወጡ። ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን ስለ እንቅስቃሴው የጻፈውን እንደ አዲስ እሠራለሁ ብሎ በ2019 ቃል ገብቶ ነበር። በ2024 መጨረሻ ሰርዞ ተወው።

ወደ እኛ ሰው ልምጣ። አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል «ልጄ፣ ተኝተሽ አትዋይ፣ ወጣ ወጣ በይ» ትለኛለች። ከፍቅር ነው፤ አልቀየማትም። አገር ቤት ተመሳሳይ ሕመም ያለባት ጓደኛ አለችኝ። ታይፎይድ ታይቶላታል፣ ደም ማነስ ታይቶላታል፣ የእንቅርት ምርመራም ተደርጎላታል። ሁሉም ንጹሕ ሲሆን «ምንም የለብሽም» ተብላ ተመለሰች። ሰፈር ውስጥ ስሟ ሰነፏ ሆኗል። ዘመዶቿ ለፀበል ይወስዷታል። እኔም በፀበል አምናለሁ፣ ለዚህ ክርክር የለኝም። ግን ሌሊት ተነስታ፣ ዳገት ወጥታ፣ በባዶ ሆዷ ቆማ ወረፋ ትጠብቅና ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አትነሳም። ፀበሉን ቤት ድረስ ያምጡላት ብዬ ለምኛለሁ። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ደግሞ ይሄ ሕመም ቢይዛት ማረፍ ማን ይፈቅድላታል? እሷም የእናንተን ዓምድ በስልኳ ታነባለች። «ራስሽን ግፊ» የሚለውን ስታነብ ትገፋለች።

እስካሁን ይፈውሳል ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። እኔን የጠቀመኝ አቅሜን መጥኜ መኖር ነው። ሳልደክም አርፋለሁ። ሽንኩርት ተቀምጬ እከትፋለሁ፤ ወጡን ነገ እሠራዋለሁ። ከእንግዳ በኋላ ሁለት ቀን ባዶ አደርጋለሁ። ድኛለሁ አልልም፤ ያን ሰንጠረዥ እከተል ከነበረበት ጊዜ ግን በብዙ እሻላለሁ።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። አንደኛ፣ ድካም የበረታበት ሰው እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር በሉ። ድካም የሚያመጣ በሽታ ብዙ ነው፤ የሚታከመውም ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ከተራመደ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የሚወድቅ ሰው ያቁምና ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ይንገር በሉ፤ «ደከመኝ» ካለ ብቻ አይሰሙትም። ቢቻል ስለ ሕመሙ የሚያውቅ ሐኪም ጋብዛችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ማረሚያውንም የጤና ዓምዱ ላይ፣ ምክሩ በወጣበት ቦታ ብታወጡት ደስ ይለኛል። ያንን ያነበበው ሰው ይህንንም ማግኘት አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሊድስ፣ እንግሊዝ