የሳላ ሜዳ እሳትም ይፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በበጋ ፓርክ ውስጥ እሳት ሲነሳ ዜናው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር ወደመ፣ ሕዝቡ ተረባርቦ አጠፋው። የነደደው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ጥድ ከተቃጠለ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ እዚያ እሳት ጠላት ነው። በባሌ ተራሮች የሚበቅለው የአስታ ቁጥቋጦ ግን ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። ከአዳማ በመተሐራ አልፎ የሚገኘው የአዋሽ ፓርክ ኢላላ ሳላ ሜዳ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ሳር ሜዳ ለዓመታት እሳት ካልነካው አሮጌው ሳር ለጋውን ያፍነዋል፣ የግራር ችግኝም ፋታ አግኝቶ ያድጋል። ቦረና ላይ እሳት ከተከለከለ በኋላ ግጦሹን ቁጥቋጦ ወርሶታል፤ የከብት ብዛትም የራሱ ድርሻ ነበረው።

እሳት ይጠቅማል ሲባል ግን ዝም ብሎ ክብሪት መጫር አይደለም። መጀመሪያ ሳሩ ይመዘን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ላይ ያለውን አጭዶ፣ አድርቆ መመዘን ነው፤ ግራሙ በ10 ሲባዛ በሄክታር ስንት ኪሎ እንዳለ ይነግራል። ቁጥቋጦ የሚገታ እሳት 4,000 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 400 ግራም ይፈልጋል። ከ2,000 በታች ከሆነ እሳቱ እየተቆራረጠ ይጠፋል፤ ግራሩ ምንም ሳይሆን የተረፈችው ግጦሽ ትሄዳለች። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች፣ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ጊዜው ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ሳሩ ማቆጥቆጥ ሳይጀምር ነው።

አለኳኮሱም ቅደም ተከተል አለው። ቀድሞ የሚለኮሰው ነፋሱ የሚሄድበት ጠርዝ ነው፤ እሳቱ ነፋሱን እየተቃወመ በዝግታ ይበላል። ሰፋ ያለ ጥቁር መስመር ሲፈጠር ጎንና ጎኑ፣ በመጨረሻም ነፋሱ የሚመጣበት በኩል ይለኮሳል። የጅቡቲ መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋልና ነፋሱ ጭሱን ወደ አስፋልቱ የሚወስድ ከሆነ ሥራው የዚያን ቀን ይቅር። ተሳቢ የሚጎትት ሾፌር ጭስ ውስጥ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የሚመጣውን መገመት አይከብድም።

ለጥንቃቄ ብለን ትንሽ ቦታ ብቻ እናቃጥል የሚሉ አሉ። አጉል ጥንቃቄ ነው፤ በዙሪያው ያለ ከብትና አውሬ ሁሉ ለጋው ሳር ላይ ተረባርቦ ከሥሩ ይጨርሰዋል። ከሁለት ሜትር በላይ ያደገ ግራርም በአብዛኛው እሳቱን ይቋቋማል፣ ስለዚህ በዘገየን ቁጥር ሥራው ለመጥረቢያ ይተርፋል። ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ በእሳት ብቻ ማጥፋት አይታሰብም፤ አፈር ውስጥ ያለው የግንዱ መነሻ ተቆፍሮ ካልወጣ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የሳሩ መጠን ነው። ሜዳው ሲጋጥ ከከረመ 4,000 ኪሎ ከየት ይመጣል? የትኛው ሜዳ እንደሚያርፍና ከተቃጠለ በኋላ ለስንት ወር ከብት እንደማይገባበት ከከረዩ አርብቶ አደሮች ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ በድርቅ ዓመት ከብታቸው የት እንደሚሰማራም አብሮ ይነገር። ይህ ንግግር መጀመር ያለበት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ሳሩ ከደረቀ በኋላማ ከብቱ ገብቷል።

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች
ከአዳማ