ደብዳቤ ለልጄ፦ ከማርሚታው በፊት ጎማውን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ያ የጉልበቷ ነገር ትንሽ ተሽሏታል። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ጨክኖብናል፣ ከሰዓት በኋላ ደጅ አያስወጣም።

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ አንድ ነገር ነገረኝ። እሱን አትቆጪው፣ ጎትጉቼ ያናገርኩት እኔ ነኝ። ለልደትሽ ለራስሽ ስጦታ ልትገዢ ነው አለኝ። ለኮሮላዋ ኮን ፊልተር የሚሉት ክፍት የአየር ማጣሪያ፣ የሚጮህ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ከዚያ ደግሞ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ። "ጎማውስ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ያገለገለ ነው ግን ንጹህ ነው፣ ከቸርኬው ጋር አብሮ ነው የሚሰጣት" አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እንኳን ተወለድሽ የኔ እናት። ይሄን ማስቀደም ነበረብኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። አሁን ስሚኝ፦ ያገለገለ ጎማ እንዳትገዢ።

ገንዘቡ የራስሽ ነው፣ ላብሽ ነው። መኪናሽን ማሳመርም መብትሽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግን ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ነገር አባትሽን ካልሰማሽ ማንን ልትሰሚ ነው?

ባለፈው ስትመጪ "አባዬ፣ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጉልበት የላትም" ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ግን በመኪናዋ አትፍረጂ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትበልጣለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ናት። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ያንቺዋ 1300 ሲሲ አዲስ አበባ ላይ ስትሆን ፋብሪካው ከጻፈላት ጉልበት አምስት እጅ አንዱ ያህል አብሯት የለም። ኮን ፊልተር የሌለ አየር ከየት ያመጣል? ደግሞ ኮፈኑ ሥር ሞተሩ አጠገብ ነው የሚገጥሙልሽ፤ ስለዚህ የሚስበው የጋለውን አየር ነው። ዋናው የፋብሪካው ሳጥን ቢያንስ ከውጭ ቀዝቃዛውን ይስባል። የእኛን አገር አቧራም አትርሺ። ርካሹ ፊልተር አቧራውን ካሳለፈው ሲሊንደሩን ነው የሚበላው።

ማርሚታው የሚጨምርልሽ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ ጥቂት ጉልበት ቢጨምር እንኳ ስትነጂ አይታወቅሽም። አንድ ሰዓት ሙሉ ያን ጩኸት ይዘሽ መምጣት ደግሞ ራስሽን ያሳምምሻል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ራስ ምታት እንዳለብሽ ረሳሽው?

ቸርኬው ከሁሉም ይብሳል። ባለ 17 ከባድ ነው፣ ያን ክብደት ከቆመበት የሚያነሳው ያው ትንሹ ሞተር ነው። ፍሬን ስትይዢም እሱን ነው የምታቆሚው። የጎማው ጎን አጭር ስለሚሆን አንድ ጉድጓድ ሲያገኝሽ ቸርኬው ይጣመማል። ፍጥነት ልትገዢ ሄደሽ ፍጥነት ሸጠሽ ትመጫለሽ።

እነዚህን ሁሉ ብትገዢና ገንዘብሽ ቢባክን ግን አልቆጣሽም፣ ገንዘብ ይመለሳል። ያገለገለውን ጎማ ነው የምለምንሽ።

የአጎትሽን እግር ነገር ልንገርሽ። ኳስ ሲጫወት ነው የተሰበረው ብለን ነው ያሳደግናችሁ። "ለልጆቹ አትንገሩ፣ መኪና ይፈራሉ" ያለው ራሱ ነው። ትናንት ማታ ደውዬ አስፈቅጄዋለሁ። ኳስ አይደለም ልጄ። ጎማ ነው።

ያኔ ሚኒባስ ነበረው፣ ከአዳማ መተሐራ ነበር የሚሠራው። ሲመለስ ሸንኮራ ያመጣላችሁ ነበር፣ ታስታውሺ ይሆናል። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ወር ቀርቶት ነበር። የፊት ጎማው አለቀበት። አዲስ ልግዛ ቢል ለሠርጉ ያጠራቀማትን ሊነካ ነው። አንድ ሰው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ጎማ አሳየው። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው የአዲሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ገዛው። ለእኔ አላሳየኝም፣ የት እንዳስገጠመውም እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከወለንጪቲ አለፍ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሞልቶ እየሄደ የፊት ቀኙ ጎማ ቆዳው ተላጠ። መፈንዳት አይደለም የምልሽ። መንገዱን የሚነካው የላይኛው ቆዳ ከውስጡ ሽቦ ተላቆ ሙሉ በሙሉ ወጣ። መሪው ከእጁ አመለጠው፣ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም። የእሱ እግር ግን ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ ቀረ፣ ብረት ቆርጠው ነው ያወጡት። ያልጮኸው ተሳፋሪዎቹ እንዳይደነግጡ ብሎ እንደነበር አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ናቸው በኋላ ለእናቴ የነገሯት።

እኔ ስደርስ እሱን ወስደውታል። ጎማውን አየሁት። ጥርሱ ገና ነው። ጎኑን በእጄ ጠርጌ ቁጥሩን ሳነብ የቀኑ ቁጥር ሦስት አኃዝ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሦስት አኃዝ ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2000 በፊት የተሠራ ማለት ነው። ይሄ የሆነው ደግሞ በ2008 ነው፣ በእኛ 2000 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል። ቢያንስ ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ነው "ንጹህ ነው" ተብሎ የተሸጠለት። ላስቲክ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ውስጡን ያደርቁታል፣ ጥርሱ ግን እንዳለ ነው፣ ዓይን ያታልላል። ሻጩም ላያውቅ ይችላል፣ በእሱ አልፈርድም።

ሠርጉ ሁለት ዓመት ዘገየ። አክስትሽ ጠበቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን እንደ እናቴ ልጅ ነው የማያት። እንደ እሱ መሪ የሚያውቅ ሰው እኮ አልነበረም፣ ከዚያ ወዲህ ግን መኪና ነድቶ አያውቅም። አንቺ ኮሮላዋን ገዝተሽ የመጣሽ ቀን ሁላችንም ስናጨበጭብ እሱ ዝም ብሎ እየዞረ ጎማዎቹን ሲያይ አላየሽውም? እኔ አይቼዋለሁ።

ያገለገለ ጎማ እንዳትገዢ። ዘመድ ቢሸጥልሽም፣ በነፃ ቢሰጡሽም።

አሁን ወደ ሥራው። ለመኪናዋ ለውጥ ከፈለግሽ፣ ባለሽ ገንዘብ ወዲያው የሚታወቅሽ ለውጥ አራት አዲስ ጎማ ነው። ሞተሩም ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት በጎማው በኩል ነው። እያንዳንዱ ጎማ መንገዱን የሚነካው በመዳፍሽ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ልኩን አትቀይሪ፣ ያንቺዋ 175/65 ባለ 14 ናት። 175 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ መቶ እጅ 65 ነው ማለት ነው፣ 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ 82ቲ ይላል። 82 አንዱ ጎማ 475 ኪሎ እንደሚችል፣ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደተፈቀደለት ይነግርሻል። ከዚህ ያነሰ አትቀበዪ። ቀኑን ከጎኑ ፈልጊ፣ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን ካላገኘሽው በሌላው ጎን እዪ። ሻጩ ቢቸኩልብሽ አትቸኩዪ። ቀኑን ሳታነቢ ገንዘብ እንዳታወጪ።

አራቱን በአንዴ ካልቻልሽ ሁለቱን ግዢ፣ ግን አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሚ። ሁሉም "ከፊት ይሁን፣ የምትጎትተው በፊት ነው" ይልሻል። አትስሚያቸው። ዝናብ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ትመለሳለች። የኋላው ከከዳሽ ግን ትዞራለች፣ እሱን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። ሲገጠም ባላንስ አሠሪ፣ አላይመንትም አሳዪ።

ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን ያን 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የፍጥነት መንገድ ሰው አቅልሎ ያየዋል። በድሮው መንገድ፣ በዱከም በቢሾፍቱ በሞጆ ስንመጣ፣ ጋሪውም ሰዉም አህያውም እያስቆመን ጎማው ያርፍ ነበር። በዚህኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያርፍ ይሽከረከራል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ይላጣል። ነፋሱን ጠዋት ሳትነጂ አስለኪ፣ ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። መንገድ ላይ ግሎ ከፍ ብሎ ብታገኚው አታስተንፍሺው። ከእኛ ቤት ጤፍና ሽንኩርት ጭነሽ ስትመለሺም ለጭነት የተጻፈውን ልክ እዪ። እናትሽ እንደሁ መጫን አታቆምም።

ቀጥሎ ፍሬን። ፍጥነትሽ ከ60 ወደ 120 ሲያድግ ፍሬን ይዘሽ እስክትቆሚ የምትሄጂው ርቀት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ደህና የፍሬን ሸራ ግዢ፣ ርካሹን ተዪው። የፍሬን ዘይቱን መቼ ነው የቀየርሽው? በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል። እየደጋገምሽ ስትይዢ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ዶት 4 አስደርጊ፣ የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም።

አሞርዛተሩም ዘይት ካፈሰሰ ይቀየር። "ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናድርግልሽ" የሚል ቢመጣ ቁልፍሽን ይዘሽ ከዚያ ጋራዥ ውጪ። ቀልድ የለኝም።

ሞተሩን በተመለከተ ያላትን ጉልበት መልሺላት፣ ያ ይበቃታል። ካንዴላ፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ፣ ዘይት በጊዜው። ኮምፕረሲዮኑን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አንድ ጊዜ አስለኪና ውጤቱን ጽፈሽ ላኪልኝ። ከኋላ ጭነሽው የምትዞሪውን ካርቶንም አውርጂ፣ ምንድን ነው ያ ሁሉ ወረቀት?

አውቃለሁ፣ ስታነቢው ብዙ ሆነብሽ። ማርሚታ ይታያል፣ ይሰማል፣ ጓደኞችሽ ያደንቁልሻል። አዲስ የፍሬን ዘይት ማንም አያደንቅልሽም። እኔ አደንቅልሻለሁ። አጎትሽም ያደንቅልሻል።

ለልደትሽ ሁለቱን ጎማ እኔ እገዛለሁ። ሁለቱን አንቺ ትገዣለሽ። አንገራግሪ እንጂ እሺ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ለማርሚታውና ለቸርኬው ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ነገ ደውዪና አስመልሺ። አንመልስም ካሉሽ ቀብዱ ይቅር፣ ተጨማሪ እንዳትከፍዪ። ያገለገለውን ጎማ ግን በነፃም ቢሆን እንዳትቀበዪ።

ዛሬ ማታ የአሁኖቹን ጎማዎች የቀን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። አራቱንም፣ ስኮርታውንም (ተጠባባቂውን ጎማ) ጨምሪ። ስኮርታው ከመኪናዋ ጋር አብሮ የመጣው ከሆነ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ቅዳሜ ሳይሞቅ በጠዋት ነይ፣ ከ80 አትለፊ፣ አሁን ባሉት ጎማዎች ነው የምትመጪው። ክሪኩንና የቸርኬ መፍቻውን ይዘሽ ነይ፣ ባለፈው እኔ ዘንድ ነው ብለሽ ነበር፣ ፈልጌ አጣሁት። ለእናትሽም የጉልበቷን ቅባት ከሰፈርሽ ፋርማሲ ግዢላት፣ እዚህ ጠፍቷል። አጎትሽም ቅዳሜ እዚህ ነው የሚውለው፣ ጎማው ሲገጠም ልይ ብሏል።

አባትሽ
አዳማ