ለላብራቶሪ ባልደረቦቼና ከጎኔ ላልተለያችሁ ሁሉ

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። የመጨረሻው የደም ምርመራዬ ኔጌቲቭ ሆኖ መጥቷል። የስድስት ወሩ ክትትል አለቀ።

ብዙዎቻችሁ «ምን ነክቷት ነው?» ስትሉ ከርማችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ያድግበት እንደሆነ የሚታይ የደም ናሙና መጣ። ፎርሙ ላይ የተጻፈው «ትኩሳት» ብቻ ነበር። ስለዚህ እንደ ሌላው ናሙና ጠረጴዛ ላይ ተሠራ። ያደገው ባክቴሪያ ግን ብሩሴላ ሆነ። ብሩሴላ ሰውን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከከብትና ከጥሬ ወተት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን በትንፋሽ ይገባል፤ ለመያዝም ጥቂቱ ይበቃል። ለዚህ ነው ፕሌቱ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን) ሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ፣ ማለትም አየሩን እያጣራ ሠራተኛውን በሚከላከል ሳጥን ውስጥ ብቻ መከፈት ያለበት።

የክፍላችን ኃላፊ፣ እርስዎን በምን ቃል ላመስግን? የማይክሮስኮፕ ስላይዱ ላይ ደቃቅ አሸዋ የተበተነ የሚመስለውን ነገር እንዳዩ ጠረጠሩ። ሥራው ቆመ፣ ፕሌቶቹ ታሸጉ። ዋርድ ደውለው ታካሚው ከብት አርቢ መሆናቸውን ሰሙ። ከዚያ «ማን ነው የከፈተው?» አላሉም። «ክፍሉ ውስጥ እነማን ነበራችሁ?» ነው ያሉት። እንዲህ ስለጠየቁ ማንም አልተደበቀም። ለአፍታ ብቅ ብላ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛችን እንኳ መጥታ ስሟን አስመዘገበች። ነፍሰ ጡር ባልደረባችን በሽታው እንዳይዘን የሚሰጠው መድኃኒት፣ ዶክሲሳይክሊን፣ እንደማይሆናት አስበው የዚያኑ ዕለት ከሐኪም ጋር አገናኟት። ዛሬ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ ይህን ስጽፍ እንባዬ ይመጣል።

መድኃኒቱን የሰጠሽን ነርስ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለ3 ሳምንት መዋጥ ቀላል አይደለም፤ ሆድ ይረብሻል። ሪፋምፒሲን ሽንትንም እንባንም ብርቱካናማ እንደሚያደርግ አስቀድመሽ ባትነግሪኝ በድንጋጤ ክው እል ነበር። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም «ትኩሳት አለሽ? ላብ ላብ ይልሻል?» እያልሽ መደወልሽን አልተውሽም።

ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ ልጆች፣ ውለታችሁ አለብኝ። እማዬ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እምብዛም እንደማይተላለፍ ከሰማሽ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረሽ ያስረዳሽው አንቺ ነሽ። ማንም አልራቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፎርሙ ላይ «ብሩሴላ ይጠረጠራል» ብላችሁ መጻፍ የጀመራችሁ የዋርድ ሐኪሞች፣ ያቺ አንድ መስመር ስትደርሰን ናሙናው በቀጥታ ወደ ካቢኔት ይገባል። ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።