መብራት ሲጠፋ ክፍት የቀረ ግብይት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ከቤታቸው ሆነው በኦንላይን የሚገበያዩ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉልኝ። የኒውዮርክ ገበያ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡30፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 11፡30 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል፤ ወዲያው የሚጠፋው ራውተሩ ነው።

ላፕቶፕ 60፣ ራውተርና የፋይበሩ ሳጥን 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 80 ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ካላወረዱት፣ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ብክነት ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ያህል ያሠራል። የመኪና ባትሪ ግን አይሆንም፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ስለሆነ ደጋግሞ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል።

ሙቀቱን አደራ! ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ግድም ያጥራል። ቆርቆሮው ከሚግልበት ክፍል አውጥታችሁ አየር የሚዘዋወርበት ጥላ ውስጥ አኑሩት።

ለኢንተርኔቱ የሌላ ኩባንያ ሲም በስልክ ይዘጋጅ፤ የራውተሩን ገመድ ነቅላችሁም ሞክሩት።

ከሁሉ በላይ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ዋጋው እናንተ ከወሰናችሁት የኪሳራ ልክ ሲደርስ ግብይቱን በራሱ የሚዘጋ ትእዛዝ፣ ሳታስገቡ ግብይት አትክፈቱ። እሱ በደላላው፣ ማለትም በሚያገበያያችሁ ድርጅት፣ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ መስመር ቢቋረጥም ይሠራል። ሜታትሬደር 4 በተባለው የመገበያያ ፕሮግራም ያለው ትሬሊንግ ስቶፕ (ዋጋው ወደ ትርፍ ሲሄድ ስቶፕ ሎሱን እያስከተለ የሚያስጠጋው) ግን ከእናንተው ኮምፒውተር ስለሚንቀሳቀስ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ካለበት አይነቃነቅም።

ከአንባቢያችሁ፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን