ሴሚኮሎኑን ተይው

እቱዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! በጣም ናፍቀሽኛል፣ መልእክትሽን ሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁሉም ደህና ነው፣ የቤቱን ወሬ ስንደዋወል አጫውትሻለሁ። አሁን ወደ ጨነቀሽ ነገር ልግባ።

የላክሽውን የሲ++ ፕሮግራምሽን ኤረር (የስህተት መልእክት) አየሁት። ኮድ የምትጽፊበት ቪዥዋል ስቱዲዮ ሲ2143 በሚል የስህተት ቁጥር ከኮከቧ ምልክት (*) በፊት ሴሚኮሎን (;) ጎድሏል ይልሻል፣ መስመሩ ላይ ግን የጎደለ ነገር የለም። እባክሽ ሴሚኮሎን መጨመሩን ተይው። ኮድሽን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር እዚያ ሲደርስ "ከስተመር" ያልሽው ክላስሽ የታይፕ (የዳታ ዓይነት) ስም መሆኑን አያውቅም። ያንን ካላወቀ ደግሞ ቀጥላ የመጣችው ኮከብ የፖይንተር (የሌላ ዳታ አድራሻ የሚይዝ) ትሁን የማባዣ መለየት ስለማይችል ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ያለቀ ይመስለዋል፣ ሴሚኮሎን የሚጠይቅሽም ለዚህ ነው። ከሥሩ የሚመጣው ሲ4430 ታይፕ ስላጣሁ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ብዬ ወስጃለሁ ማለቱ ነው፤ ድሮ በሲ ቋንቋ ላይ ይህ ይፈቀድ ነበር፣ በ1999ኙ ስታንዳርድ ቀረ። ጂሲሲ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ለዚሁ ስህተት ከስተመር የታይፕ ስም አይደለም ብሎ በግልጽ ይነግርሻል። ሁለት ኮምፓይለር ላይ መሞከር የምወደው ለዚህ ነው።

"ሄደሩን (ክላሱ የተገለጸበትን ፋይል) ኢንክሉድ አድርጌዋለሁ (አስገብቼዋለሁ) እኮ" ብለሻል። አዎ፣ ጣጣውም ከዚያ ነው የመጣው። የከስተመር ሄደር ሌላውን ክላስሽን፣ ኦርደርን፣ ኢንክሉድ አድርጎ ይጠራል፣ የኦርደር ሄደር ደግሞ መልሶ ከስተመርን። ኮምፓይለሩ የከስተመርን ሄደር ከፍቶ ገና ክላሱ ጋ ሳይደርስ ወደ ኦርደር ይገባል፣ ኦርደር ከስተመርን ሲጠራ ደግሞ ፋይል ሁለት ጊዜ እንዳይነበብ የሚከለክለው ፕራግማ ዋንስ ይሄ ተከፍቷል ብሎ ይዘለዋል፣ ስለዚህ ኦርደር በሚነበብበት ሰዓት ከስተመር የሚባል ክላስ ገና የለም። ከኦርደር ሄደር ላይ ያን ኢንክሉድ አውጪውና ከክላሱ በላይ "ክላስ ከስተመር" ብለሽ በሴሚኮሎን ዝጊ። የያዝሽው ፖይንተር ስለሆነ ይሄ ይበቃዋል። ራሱን ከስተመርን በውስጡ አስቀምጠሽ ቢሆን ኖሮ ግን አይሠራም ነበር፣ ኮምፓይለሩ የክላሱን መጠን ማወቅ አለበትና። ኢንክሉዱን ወደ ኦርደር ሲፒፒ ፋይል (የፈንክሽኖቹ ኮድ ወዳለበት) ውሰጂው፣ የከስተመርን ፈንክሽኖች እዚያ ስለምትጠሪ ሙሉው ያስፈልግሻል።

አዲሱ ሊኑክስ ላፕቶፕሽ ላይ "ዩኢንት32_ቲ" የሚባለውን የቁጥር ታይፕ አላውቀውም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በ2023 ከወጣው ጂሲሲ 13 ጀምሮ አንዳንድ የስታንዳርድ ሄደሮች ይህ ታይፕ ያለበትን "ሲኤስቲዲኢንት" ሄደር ይዘው መምጣት ትተዋል። ራስሽ ኢንክሉድ አድርጊው፣ አለቀ።

ደግሞ የኤረሩ ዝርዝር ረዘመ ብለሽ አትደንግጪ። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ኤረር ብቻ ፍቺና እንደገና ኮምፓይል አድርጊ፣ የታችኞቹ አብዛኞቹ ከእሱ የተወለዱ ናቸው። ካልሆነልሽ ሁለቱን ሄደሮች እንዳሉ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለን አብረን እናያቸዋለን።